በር የሌለው ቤተ ሥዕል

(የትምህርት ቤታችን የሥነ ጥበብ ማኅበር አባሎች በሃምሳኛው ዓመት በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)






 ንግግራችን ስለ ሥነ ጥበብ ነው። ነገር ግን ስለ ሩቅ አገር ሥነ ጥበብ አይደለም። በእግር ተሂዶ ስለሚደረስበት፣ ትኬት ስለማይቆረጥበት፣ በከተማችን በአዲስ አበባ አደባባዮች ላይ ፀሐይና ዝናብ ሳይል ቆሞ ስለሚጠብቀን ሥነ ጥበብ ነው።

ይህን አርእስት የመረጥነው አንድ ያሳፈረን ነገር ስለ ነበረ ነው። ባለፈው ዓመት የሥነ ጥበብ መምህራችን ወደ ክፍላችን ገብተው «ከመካከላችሁ የሥዕል ማሳያ ገብቶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ» ሲሉን እጃቸውን ያወጡት ሦስት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። የቀረነው ግን «የመግቢያውን ገንዘብ ከየት አምጥተን?» ብለን አመካኘን። መምህራችን አልተቆጡም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «መልካም፤ እንግዲያውስ ገንዘብ የማይጠየቅበትን ልጠይቃችሁ። በስድስት ኪሎ አደባባይ በቆመው ሐውልት ላይ የተቀረጸው ምንድን ነው?» አሉን። ከመካከላችን ብዙዎቹ በየቀኑ ጠዋትና ማታ በዚያ አደባባይ ታክሲ የሚሳፈሩ ናቸው። ሆኖም አንድም የመለሰ አልነበረም። በመጨረሻ አንዱ ጓደኛችን ተነሥቶ «ረጅም ነው» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ መምህራችን ግን አልሳቁም።

ያን ቀን ወደ ቤታችን ስንሄድ ነገሩ ከልባችን አልወጣም። ድሆች ስለ ሆንን ሳይሆን ዐይናችንን ስላልከፈትን ሳናይ እንደ ቀረን ተረዳን። ስለዚህ ማኅበራችን ተሰብስቦ አንድ ቅዳሜ ቀን ከተማውን በእግር ዞረን እንድናይ ወሰነ። መንገዱን የወጠንነውም እንዲህ ነው፦ ከስድስት ኪሎ ተነሥተን በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በቅዱስ ጊዮርጊስ አልፈን፣ የቸርችልን ጎዳና ቁልቁል ወርደን እስከ ለገሃር ድረስ። ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኛው ቁልቁለት ስለ ሆነም የሚያደክም አይደለም። የያዝነው እርሳስ፣ ደብተር፣ ውኃና አንድ ከረጢት ቆሎ ነበር። ለመግቢያ ብለን ያወጣነው አንድ ሳንቲም እንኳ የለም።

እንግዲህ ያየነውን በቅደም ተከተል እንንገራችሁ።

በስድስት ኪሎ የቆመው የየካቲት 12 የሰማዕታት መታሰቢያ ሐውልት ነው። ከፍታው 28 ሜትር ያህል ስለ ሆነ «ረጅም ነው» ያለው ጓደኛችን ሐሰት አልተናገረም። ነገር ግን ዋናው ነገር ያለው በጫፉ ሳይሆን በግርጌው ነው። በግርጌው ዙሪያ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች የሠሯቸው ምስሎች አሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ማለት ዛሬ ዩኒቨርሲቲው በሚገኝበት ግቢ፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ ፋሺስቶች ለሦስት ቀን በከተማው ሕዝብ ላይ ግፍ ፈጸሙ፤ ሰው በየቤቱ ታረደ፤ ቤት ከነነዋሪው ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሞቱትን ሰዎች ቁጥር 30,000 ብሎ አስታውቋል፤ በቅርብ ጊዜ የተጻፈ ጥናት ደግሞ 19,000 ያህል ያደርሰዋል። በሁለቱም ቁጥር ቢሆን ሐዘኑ ያው ሐዘን ነው።

ወደ ምስሎቹ ቀርበን ሐውልቱን አንድ ጊዜ ዞርነው። ከሩቅ ሲታዩ ለጌጥ የተቀረጹ ይመስላሉ። ቀርበው ሲያዩአቸው ግን የወደቁና የሚያለቅሱ ሰዎች ናቸው። ከመካከላችን አንዲቱ እርሳሷን አውጥታ ከወደቁት የአንዱን ሰው እጅ መሣል ጀምራ ነበር፤ ጣቶቹ ላይ ስትደርስ አቆመች። ለምን እንዳቆመች አልጠየቅናትም። ያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ታወሰን። በየቀኑ ታክሲ ስንጋፋ ለእነዚህ ሰዎች ጀርባችንን ሰጥተን ነው የምንቆመው።

ከዚያ ቁልቁል ወደ አራት ኪሎ ወረድን። በዚያ የቆመው የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ከተማው የገቡበት ቀን ነው። አንዱ ቀን አስቀድሞ የውርደት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የድል ቀን ሆነ። ሁለቱን ሐውልቶች በአንድ ጠዋት ያየ ሰው የሐዘኑና የድሉ መታሰቢያዎች በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ብቻ እንደሚራራቁ ያስተውላል። መጽሐፍ ላይ ግን በሁለት ልዩ ልዩ ገጾች ስለ ተጻፉ የምናጠናቸው ለየብቻቸው ነው።

ከአራት ኪሎ የራስ መኰንንን ድልድይ ተሻግረን ወደ ፒያሳ ወጣን። ይህ ሠፈር በ2016 ዓ.ም. በብዙ ተለውጧል። አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰዋል፤ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተከፍቷል። የሙዚየሙን ውስጥ ለማየት ክፍያ ስላለው ለሌላ ቀን አቆየነውና በአደባባዩ ወደ ቆመው ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ሄድን።

ይህ ሐውልት በፈረስ ላይ የተቀመጡ ንጉሥ ነው። የቆመውም በጥቅምት ወር 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ፋሺስቶች ከተማውን በያዙ ጊዜ ሐውልቱን ነቅለው ቀበሩት። የዓድዋን ድል የሚያሳስባቸውን ነገር በየቀኑ ማየት ስለ ከበዳቸው ነው። ከነፃነት በኋላ ግን ከተቀበረበት ወጥቶ በቦታው ተመለሰ። እኛም ስንሰማው የገረመን ይህ ነው፤ ሐውልት የማይሰማ፣ የማይናገር ነገር ሆኖ ሳለ፣ ጠመንጃና አይሮፕላን የያዘ ጦር ፈርቶት ሌሊት መሬት ቆፍሮ ይቀብረዋል! እንግዲህ የሐውልትን ዋጋ ከእኛ ይልቅ ጠላት ያውቀው ኖሯል ማለት ነው።

ከሐውልቱ ፊት ለፊት የመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ይህ ቤተ ክርስቲያን ለዓድዋ ድል ምስጋና የተሠራ ሲሆን ንግሥት ዘውዲቱም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዘውድ የጫኑት በዚሁ ነው። በጠላት ዘመን ተቃጥሎ ነበር፤ በኋላ ታድሶ ሲሠራ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በሥራዎቻቸው አስጊጠውታል። ለጸሎት የሚገባ ሰው ምንም አይከፍልም፤ ክፍያ ያለው በግቢው ውስጥ የሚገኘው ቤተ መዘክር ነው። ሆኖም ቦታው አስቀድሞ የጸሎት ቤት ስለ ሆነ ጫማን አውልቆ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አገልጋይ አስፈቅዶ መግባት ይገባል። እኛም እንዲሁ አደረግን፤ ካህኑም በደስታ አሳዩን።

ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጥቂት ዝቅ ብሎ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙ በጠላት ቢታዘዙም እምቢ ብለው፣ ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ ገዝተው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው የሞቱ አባት ናቸው። ይህም ሐውልት እንደ ምኒልክ ሐውልት ከቦታው ተነሥቶ የተመለሰ ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በ2005 ዓ.ም. የከተማው ባቡር ሐዲድ በሥሩ እንዲያልፍ ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ አደባባዩ ተመለሰ።

ስለዚህ ነገር ከመካከላችን የአንዱ ጓደኛችን አያት የነገሩንን ልናካፍላችሁ እንወዳለን። እኚህ እናት በዚያው አካባቢ ለብዙ ዓመት ጉሊት ተቀምጠው ሽንኩርትና ቃሪያ ይሸጡ ነበር። ሐውልቱ በተነሣበት ቀን ሥራቸውን ትተው ቆመው አዩ። ከዚያ በኋላ በዚያ ያለፈውን የሚያውቁትን ሰው ሁሉ «አቡኑን መቼ ነው የሚመልሷቸው?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። አንዳንዱ ሰው ይስቅባቸዋል፤ አንዳንዱም «እማማ፣ እርስዎን ምን አገባዎት?» ይላቸዋል። እሳቸው ግን ሐውልቱ እስኪመለስ ድረስ መጠየቁን አልተዉም። በተመለሰ ጊዜ እልል ብለው፣ ተሳልመው፣ ወደ ጉሊታቸው ተመለሱ። እኛም «እማማ፣ ለምን ያን ያህል ተጨነቁ?» ብለን ብንጠይቃቸው እንዲህ ሲሉ መለሱልን፤ «እኔ ልጆቼ፣ ፊደል አልቆጠርሁም። ግን ማን እንደ ጎደለ አውቃለሁ።»

ክቡራን ወላጆች፤ ይህ ቃል ለእኛ ከባድ ነበር። እሳቸው ፊደል ሳይቆጥሩ የጎደለውን ያውቃሉ። እኛ ግን አሥር ዓመት ያህል ተምረን፣ ከስድስት ኪሎ ሐውልት ላይ አንድ ምስል ቢጎድል ልናውቅ አንችልም ነበር። ምክንያቱም ያላዩትን ነገር መጉደሉን ማወቅ አይቻልም። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ለዚህ ምስክር የሚሆን ነው።

የቸርችልን ጎዳና ይዘን ስንወርድ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የትግላችን ሐውልት ይታያል። ይህ በ1977 ዓ.ም. በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራ፣ በጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ ያለበት፣ 50 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሐውልት ነው። በሁለቱም ወገን በተቀረጹት ግድግዳዎች ላይ የዚያን ዘመን ታሪክ ሠሪዎቹ ሊያዩት እንደ ወደዱት ይታያል። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና የኩባ ወታደሮችም መታሰቢያ ነው። ያቆመው መንግሥት ካለፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ሐውልቱ ግን አለ። ሐውልት ሁሉ እውነቱን በሙሉ ይናገራል ማለት አይደለም። ስለዚህ ሐውልትን የሚያይ ተማሪ «ምን ያሳያል?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ማን አቆመው? ስለ ምን አቆመው? ያላሳየውስ ምንድን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ከዚያ ዝቅ ብሎ በብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ትልቁ የድንጋይ አንበሳ አለ። ሞሪስ ካልካ በሚባል ፈረንሳዊ ቀራጭ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል በ1948 ዓ.ም. የተሠራ ነው። ብዙ ሰው በአጠገቡ ይቀጣጠራል፤ «አንበሳው ጋ እንገናኝ» የማይል የለም። ነገር ግን ቀጠሮ ከማድረግ ያለፈ ያየው ጥቂት ነው። እኛ እዚያ ተቀምጠን ቆሏችንን ስንበላ ሁላችንም አንበሳውን ሣልነው። ያን ጊዜ ነበር እንደ ጫካ አንበሳ እንዳልተሠራ ያስተዋልነው። ቀራጩ ጎፈሩን ጠጉር በጠጉር አልቀረጸውም፤ ድንጋዩን በሰፊውና በቀጥታው ቆርጦ ኃይሉን ብቻ ነው ያወጣው። መምህራችንም «ሥነ ጥበብ ማለት ያዩትን ሁሉ መቅዳት አይደለም፤ ከታየው መርጦ ማስቀረት ነው» ብለው አስረዱን። ይህን ትምህርት በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰምተነው ነበር፤ የገባን ግን ያን ቀን ነው።

በመጨረሻ ለገሃር ደረስን። በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት በጥቁር መሠረት ላይ ዘውድ የደፋው፣ መስቀል የያዘው፣ በወርቅ ቀለም የተለበጠው የይሁዳ አንበሳ ቆሟል። ይህም በ1923 ዓ.ም. ለዘውዱ በዓል የቆመ ነው። ከሐውልቶቹ ሁሉ ረጅም መንገድ የተጓዘው እርሱ ነው። ፋሺስቶች ነቅለው ወደ ሮማ ወሰዱትና እዚያ ለምርኮ ማሳያ አቆሙት። ሰኔ 8 ቀን 1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ የተባለ የኤርትራ ተወላጅ ወጣት በሮማ ከተማ ከዚህ አንበሳ ፊት ሲደርስ ተንበርክኮ ጸለየ። ሊያስነሡት በመጡ ጊዜም ሰይፉን መዘዘባቸው። ተይዞ ታሠረ፤ አገሩን ሳያይ በ1937 ዓ.ም. በኢጣሊያ ሞተ። አንበሳው ግን ከጦርነቱ በኋላ ከብዙ ድርድር በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ዘውዱ ከወረደ በኋላም ሊነሣ ታስቦ አርበኞች ስለ ተቃወሙ እንደ ቀረ ይነገራል።

በዚያ ቆመን አሰብን። ዘርዓይ ደረስ ያን አንበሳ በባዕድ ከተማ፣ ከሺህ ሰው መካከል፣ ባየው ጊዜ ወዲያው ዐወቀው። እኛ ግን በገዛ ከተማችን በየሳምንቱ በአጠገቡ በአውቶቡስ እያለፍን አናየውም ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ተግሣጽ ከየት ይመጣል?

ከለገሃር ወደ ምሥራቅ ስናቀና በስታዲየሙና በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ አፍሪካ አዳራሽ ይደረሳል። በዚያ አቅራቢያ የሌኒን ሐውልት ቆሞ እንደ ነበረ ወላጆቻችን ያስታውሳሉ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ። እስካሁን «ይመለስልን» ብሎ በየመንገዱ የሚጠይቅ ሰው አልሰማንም። ምኒልክ ግን ከመሬት ወጥተው ተመለሱ፤ አንበሳው ከባሕር ማዶ ተመለሰ፤ አቡነ ጴጥሮስ ከሙዚየም ተመለሱ። እንግዲህ ሐውልትን የሚያቆመው ድንጋይና ነሐስ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ሐውልቱን የሚያቆየው የሚጠይቅለት ሰው መኖሩ ነው።

አፍሪካ አዳራሽ በግቢ ውስጥ ስለሚገኝ ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ያን ቅዳሜ ያየነው ከውጭ ብቻ ነው። ነገር ግን ስለ ውስጡ ሳንናገር ልናልፍ አንችልም። ይህ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተሠርቶ ያለቀ፣ በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ታድሶ የተከፈተ ነው። በውስጡ አፈወርቅ ተክሌ በባለ ቀለም መስታወት የሠሯቸው ሦስት ታላላቅ መስኮቶች አሉ፤ ስፋታቸው በጠቅላላው 150 ካሬ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ያለፈውን የአፍሪካን መከራ፣ ሁለተኛው ትግሏን፣ ሦስተኛው ተስፋዋን ያሳያል። ባለ ቀለም መስታወት ከውጭ ለሚያየው ሰው ጥቁር ይመስላል። ቀለሙ የሚወጣው ፀሐይ ከውጭ ስትመታው ከውስጥ ለሚያየው ነው። እኛም በሚመጣው ዓመት በትምህርት ቤታችን ደብዳቤ ፈቃድ ጠይቀን ከውስጥ ልናየው አስበናል።

ከወላጆቻችን መካከል «ሥዕልና ሐውልት መልካም ነገር ነው፤ ግን እንጀራ አይሆንም። ልጆቻችን ሒሳብና ሳይንሳቸውን ቢያጠኑ ይሻላል» የሚሉ እንዳሉ እናውቃለን። አሳባቸውን እናከብራለን፤ ኑሮ ከባድ መሆኑንም በየቤታችን እናያለን። ነገር ግን የአፈወርቅ ተክሌን ታሪክ እናስታውሳችሁ። አፈወርቅ በአንኮበር ተወልደው በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ዝንባሌያቸው ወደ ሥዕል መሆኑ ሲታወቅ በለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። ምሕንድስናን ቢማሩ ኖሮ ምናልባት ከመሬት ውስጥ ወርቅ ያወጡልን ነበር። በእውነቱ ግን ዓለም የሚያደንቀውን ብርሃን ከመስታወት አወጡልን። ደግሞም ዛሬ የነገርናችሁን ሐውልቶች ብታስተውሉ ከቀራጮቻቸው ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ዓለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን በአዲስ አበባ መሠረቱ። ያ ትምህርት ቤት ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ክፍል ሆኖ በስማቸው ይጠራል፤ ተማሪዎቹም የመመረቂያ ሥራዎቻቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ። ለነገው አደባባይ ሐውልት የሚቀርጸው ልጅ ምናልባት ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከእናንተ አጠገብ ተቀምጦ ይሆናል። ግን ሐውልት አይቶ የማያውቅ ልጅ ሐውልት ሊቀርጽ አይችልም።

አሁን ደግሞ ልንሸሽገው ያልወደድነውን አንድ ነገር እንናገራለን። ከመካከላችን አንዱ ጓደኛችን በታናሽነቱ በአንድ ሐውልት መሠረት ላይ ስሙን በጥቁር ቀለም ጽፎ ነበር። ያን ቅዳሜ በዚያ ስናልፍ ስሙ ገና አልጠፋም ነበር። እርሱም ወደ ኋላ ቀረት አለ፤ ፊቱም ተለወጠ። ማንም ሳይጠይቀው «ይህ የኔ ነው» አለን። ልንስቅበት ስንል መምህራችን ዝም አሰኙን። በሚቀጥለው ቅዳሜ እርሱና ሁለት ጓደኞቻችን ተመልሰው ሄዱና ጠባቂውን ሽማግሌ አስፈቀዱ። ሽማግሌውም «ድንጋዩን በአሸዋ እንዳትፍቁት፤ ይቆስላል» ብለው ውኃና ጨርቅ ሰጧቸው። ግማሽ ቀን ፈጅቶባቸው አብዛኛውን አጠቡት፤ ጥቂት ጥላ ግን እስካሁን ቀርቷል። ጓደኛችን ይህን እንድንናገር የፈቀደልን ስሙን ሳንጠራ ነው። እኛ ግን አንድ ነገር ልንጨምር እንወዳለን፤ ከሁላችንም ይልቅ ዛሬ ያን ሐውልት የሚያውቀው እርሱ ነው። ማን እንደ ቀረጸው፣ መቼ እንደ ቆመ፣ የትኛው ጥግ እንደ ተሰነጠቀ ጠይቁት፤ ይነግራችኋል።

ስለዚህ በትሕትና የምናቀርባቸው ሦስት አሳቦች አሉን።

አንደኛ፣ በትምህርት ቤታችን እያንዳንዱ ክፍል ከከተማው ሐውልቶች አንዱን ይምረጥ። ተማሪዎቹ በዓመት አንድ ጊዜ ሄደው ይዩት፤ ይሣሉት፤ ታሪኩን ከመጽሐፍም ከሽማግሌም ጠይቀው በደብተር ይጻፉ። ደብተሩም በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥና በሚመጣው ዓመት የሚገቡት ልጆች ይቀጥሉበት። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ይህ ደብተር ራሱ ታሪክ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ወላጆቻችን ሆይ፤ በበዓል ወይም በእረፍት ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ አንድ ሐውልት አሳዩአቸው። ብዙ ዕውቀት አያስፈልግም። በሐውልቱ ዙሪያ አንድ ጊዜ አብራችሁ ዙሩና እናንተ ልጅ ሳላችሁ ቦታው ምን ይመስል እንደ ነበረ ንገሯቸው። ያ ከማናቸውም አስጎብኚ ንግግር ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ጓደኞቻችን ሆይ፤ እርሳስና ደብተር ያዙ። በአንዳንድ ቦታ ፎቶግራፍ ማንሣት የተከለከለ ሊሆን ስለሚችል ጠባቂውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ደግሞም በስልክ ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው አይቶ ሄደ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ስልኩ ያያል፣ ሰውየው ይሄዳል። የሣለ ሰው ግን ሳያይ መሣል አይችልም። በሐውልቱ ላይ አትውጡ፤ ስማችሁንም አትጻፉ። ስማችሁን መጻፍ ከፈለጋችሁ ጊዜው ሲደርስ ራሳችሁ ቀርጻችሁ በምታቆሙት ሐውልት ግርጌ ጻፉት።

ክቡራትና ክቡራን፤ ከተማችን በር የሌለው ቤተ ሥዕል ነው ብለናል። በር ስለሌለው ማንም ይገባል፤ ይህ ደስታው ነው። በር ስለሌለው ግን ዘበኛውም እኛው ነን፤ ይህ ኃላፊነቱ ነው። ትናንት ጠላት ነቅሎ የወሰደውን አባቶቻችን አስመልሰዋል። ነገ አንድ ነገር ቢጎድል ቶሎ ዐውቆ «የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። እኒያ ጉሊት የሚሸጡ እናት ይህን ሥራ ያለ ደመወዝ ሠርተውልናል። አሁን አርጅተው ከቤት ዋሉ። ወንበራቸው ባዶ ነውና ተራው የእኛ ነው።

 ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዓመት ይኑር!